ሥዕል ሰብሳቢው ልጅና የዕለት እንጀራው

ከክብሪት ሣጥን፥ ከቀን መቍጠሪያና ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ ሥዕል እየቈረጠ በካርቶን የሚያጠራቅም ልጅ በየቤታችን አይታጣም። ወላጆቹም፥ «ይህ ቈሻሻ ምን ያደርግልሃል? ይልቅስ ትምህርትህን አጥና!» ይሉታል። እኛም በምናስተምርበት ክፍል ከአንድ ተማሪ እጅ እንዲህ ያለውን ክምችት ነጥቀን፥ እርሱ እያለቀሰ፥ ከቈሻሻ ጋር እንዲቃጠል አድርገናል። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ስለዚያ ጥፋታችን ነው።

በዚህ ጕዳይ የሆላንዱ ሠዓሊ የቪንሰንት ቫን ጎግ ታሪክ ብዙ ያስተምረናል። ቪንሰንት በ1853 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) ከአንድ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ተወለደ። በሥዕል ነጋዴዎች ዘንድ ተቀጥሮ ሠራ፥ ተሰናበተም። ቀጥሎም በቤልጅግ አገር የድንጋይ ከሰል ለሚቈፍሩ ሠራተኞች ሰበከ፤ በዚያም አልሰነበተም። ሠዓሊ ለመሆን የቈረጠው በ1880፥ በ27 ዓመቱ ነበር።

በሄግ ከተማ ሲኖር፥ ኪሱ ባዶ ሳለ፥ የእንግሊዝን ባለሥዕል ጋዜጦች በብርቱ ይሰበስብ ጀመር። በ1883 መባቻም «ግራፊክ» የተባለውን ጋዜጣ 21 ጥራዝ ገዛ። በእንጨት ተቀርጸው የታተሙትን ሥዕሎች በወፍራም ወረቀት ላይ እየለጠፈ በየዓይነታቸው ለያቸው። ድኻው፥ ወዛደሩ፥ ዓሣ አጥማጁ እንዴት እንደ ተሣለ ከእነርሱ ይማር ስለ ነበር፥ ክምችቱ ጌጥ ሳይሆን ትምህርት ቤት ሆነለት። እርሱም አንድ ቀን ለጋዜጦች እየሣለ እንጀራውን ሊበላ ተስፋ ያደርግ ነበር። በ1882 አጎቱ የከተማይቱን መልክ የሚያሳዩ 12 ሥዕሎች፥ እያንዳንዱን በ2 ጊልደር ተኩል ሒሳብ ባዘዙት ጊዜ፥ የተስፋው በር የተከፈተ መሰለው። ነገር ግን እንዳሰበው አልሆነም፤ ኑሮው ታናሽ ወንድሙ ቴዎ በየወሩ በሚልክለት ገንዘብ ላይ ቆመ።

ወደ ፓሪስ ከሄደ በኋላ ደግሞ፥ ከ1886 እስከ 1887 ባለው ክረምት፥ 660 ያህል የጃፓን ሥዕሎችን ሰበሰበ። ሸጦ ሊያተርፍባቸው አስቦ በአንድ ቡና ቤት ለሕዝብ አሳያቸው፤ ንግዱ ግን አልቀናውም። ሆኖም ገንዘቡ ያላተረፈውን ዓይኑ አተረፈ። የጃፓናዊውን የሂሮሺጌን ሥዕል በቅባት ቀለም እየቀዳ፥ የደመቀ ቀለምንና የጠራ መስመርን ተማረ።

«ቀዩ የወይን ቦታ» የተባለው ሥዕሉ በ1890 በ400 ፍራንክ ተሸጠ። በዚያው ዓመት በሐምሌ፥ ሕመምና ኀዘን አሸንፎት፥ በ37 ዓመቱ ሞተ፤ ቴዎም በስድስት ወር ውስጥ ተከተለው። ሥዕሎቹንና ክምችቱን ጠብቀው ለዓለም ያስተዋወቁት የቴዎ ባለቤት ወይዘሮ ዮሐና ናቸው።

የተወደዳችሁ ወላጆች ሆይ! ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ የልጅ ክምችት የዓይኑ ፊደል ገበታ ስለ ሆነ አይናቅ። ባስልኤልን ለድንኳኑ ሥራ በጥበብ መንፈስ የሞላው እግዚአብሔር፥ ለማን ምን እንደ ሰጠ እኛ አስቀድመን አናውቅም። ሁለተኛው፥ ሥዕል ቶሎ እንጀራ ይሆናል ብለን ልጁን በከንቱ ተስፋ አናታልለው። የአብያተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ በሥዕል ያስጌጡት አበው፥ ብዙዎቹ ካህናትና ደብተራዎች ስለ ነበሩ፥ ከብሩሹ ጋር ሌላ አገልግሎት ነበራቸው። ልጃችንም ከሥዕሉ ጋር የሚያኖረውን ሙያ ይማር፤ ፍሬው እስኪታይ ድረስ ግን እንደ ቴዎ የሚታገሠው ቤተ ዘመድ ያስፈልገዋል።

ያን ተማሪ ዛሬ ብናገኘው ይቅርታ እንጠይቀው ነበር፤ የተቃጠለውን ግን ልንመልስለት አንችልም። በእናንተ ቤት ያለው ካርቶን ገና በቦታው ነው። ዛሬ ማታ ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ክፈቱት፤ እያንዳንዱን ሥዕል ለምን እንደ መረጠውም ጠይቁት።