ሽንት ማምለጥና የዳሌ ወለል ጡንቻዎች፦ ፊዚዮቴራፒ እንዴት ይረዳል?

ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ ወይም ሲስቁ ሽንት ያመልጥዎታል? ከወለዱ በኋላ ከታች የመክበድ ወይም የመጎተት ስሜት ይሰማዎታል? ብዙ ሰዎች ይህን ለትዳር ጓደኛቸው እንኳ ሳይናገሩ ለዓመታት ይኖራሉ። ውኃ መጠጣት ይቀንሳሉ፣ ረጅም መንገድ መሄድ ይፈራሉ፣ «ልብሴ ይሸታል» ብለው ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከለቅሶና ከሠርግ ይቀራሉ። ችግሩ ግን ሕክምና አለው። በአብዛኛው በቅድሚያ የሚሞከረውም ቀዶ ጥገና ሳይሆን ፊዚዮቴራፒ ነው።

የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ምንድን ናቸው?

እነዚህ ጡንቻዎች በዳሌ ታችኛው ክፍል፣ ከፊተኛው የዳሌ አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ድረስ የተዘረጉ ናቸው። በሴቶችም በወንዶችም ይገኛሉ። የሽንት ፊኛንና ፊንጢጣን፣ በሴቶች ደግሞ ማህፀንን ከሥር ደግፈው ይይዛሉ። ሲያስሉ ወይም ዕቃ ሲያነሱ ጠበቅ ብለው ሽንትና ሰገራ እንዳያመልጥ ያደርጋሉ፤ መጸዳጃ ቤት ሲቀመጡ ደግሞ ይላላሉ። ችግር የሚመጣው ጡንቻዎቹ ሲደክሙ ወይም በተቃራኒው ሁልጊዜ ተወጥረው መላላት ሲያቅታቸው ነው።

መንስኤዎቹ

• እርግዝና እና በብልት በኩል መውለድ፣ በተለይም ረጅም ምጥ፣ ትልቅ ሕፃን ወይም በመሣሪያ የታገዘ ወሊድ
• ለረጅም ጊዜ የቆየ ሳል
• የሆድ ድርቀትና ለመጸዳዳት ማማጥ
• ከባድ ሸክም አዘውትሮ መሸከም፣ ለምሳሌ ውኃና እንጨት
• ከመጠን ያለፈ ውፍረት
• ዕድሜ መግፋትና ማረጥ
• በወንዶች የፕሮስቴት ቀዶ ጥገና

ምልክቶቹ

ጡንቻዎቹ ሲደክሙ ሽንት፣ ጋዝ ወይም ሰገራ ሊያመልጥ፣ ማህፀን ወይም የሽንት ፊኛ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። የወረደው አካል በብልት በኩል እንደ እብጠት ሊታይ ወይም ሊዳሰስ ይችላል። ጡንቻዎቹ ከመጠን በላይ ሲወጠሩ ደግሞ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ ሽንት ለመጀመር መቸገር፣ የሆድ ድርቀትና የዳሌ ሕመም ሊያስከትሉ ይችላሉ። ሁለቱ ችግሮች የሚታከሙበት መንገድ ስለሚለያይ፣ ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት መመርመር ይጠቅማል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምን ያደርጋል?

በመጀመሪያ ይጠይቅዎታል፦ በቀን ስንት ጊዜ ይሸናሉ? መቼ ያመልጥዎታል? ስንት ልጅ ወልደዋል? እንዴት ወለዱ? ከዚያም የጡንቻዎቹን ጥንካሬ ይመረምራል። አንዳንዴ በጓንት በብልት ወይም በፊንጢጣ በኩል መመርመር ሊያስፈልግ ይችላል። ይህ የሚደረገው ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ሴት ባለሙያ እንድትመረምርዎ ወይም ቤተሰብ አብሮዎት እንዲሆን መጠየቅ፣ አልፈልግም ማለትም መብትዎ ነው።

ከምርመራው በኋላ ለእርስዎ የሚስማማ ልምምድ ይሰጥዎታል። ጡንቻዎችዎ የተወጠሩ ከሆነ የሚያስተምርዎት ማጥበቅን ሳይሆን በአተነፋፈስና በማፍታታት ማላላትን ነው። በድንገት የሚያጣድፍ ሽንት ካለብዎ፣ መጸዳጃ ቤት የሚሄዱበትን የጊዜ ርቀት ቀስ በቀስ የሚያራዝም ሥልጠናም አለ። ማህፀን ለወረደባት ሴት ደግሞ ከልምምዱ ጋር በብልት ውስጥ የሚቀመጥ ደጋፊ ቀለበት ሐኪም ሊያዝላት ይችላል።

ለደከሙ ጡንቻዎች የሚሆን ልምምድ

1. በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን ያጥፉ፤ ሲለምዱት ተቀምጠው ወይም ቆመው መሥራት ይችላሉ።
2. ሽንትና ጋዝ በአንድ ጊዜ እንደሚይዙ አድርገው ጡንቻዎቹን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሳቡ።
3. ለ5 ሰከንድ ያህል ይያዙ፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁና ያንኑ ያህል ያርፉ። ሲጠነክሩ እስከ 10 ሰከንድ ያድርሱት።
4. ይህን ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይድገሙ፤ በቀን 3 ጊዜ ይሥሩ።

በሚሠሩበት ጊዜ ትንፋሽዎን አይያዙ፤ መቀመጫዎንና ጭንዎን አይጨምቁ፤ ወደ ታች አያምጡ። እየሸኑ ሽንት ማቋረጥን እንደ ልምምድ አይጠቀሙበት፤ ፊኛው በደንብ እንዳይወጣለት ሊያደርግ ይችላል። ሊያስሉ ወይም ዕቃ ሊያነሱ ሲሉ ጡንቻዎቹን ቀድመው ያጥብቁ። ሕመም ከተሰማዎት ወይም ምልክቱ ከባሰብዎ ያቁሙና ባለሙያ ያማክሩ።

ለውጡ በአንድ ሳምንት አይመጣም። ቢያንስ ለ3 ወር ሳያቋርጡ ይሥሩ። ውኃ መጠጣት ማቆምም መፍትሔ አይደለም፤ ሽንቱ ሲወፍር ፊኛን ሊያስቆጣ፣ የሆድ ድርቀትንም ሊያባብስ ይችላል።

ልምምድ ብቻውን የማይበቃው መቼ ነው?

ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንት ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። ይህ በፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ ስለሆነ ልምምድ አይደፍነውም፤ በአብዛኛው ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 በዶክተር ካትሪንና በዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ይህን ሕክምና በነፃ ይሰጣል። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ማዕከላት አሉት። ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላም ሽንት ማምለጡ ሊቀር ስለማይችልበት ጊዜ ፊዚዮቴራፒ የሕክምናው አንድ አካል ነው።

የሚከተሉት ካሉ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ፦

• በሽንት ውስጥ ደም መታየት
• ሲሸኑ ማቃጠልና ትኩሳት
• ከብልት የወጣ እብጠት ወይም የሚደማ ቁስል

ሽንት መሽናት ጨርሶ ካቃተዎት፣ ወይም በድንገት በጭንዎ መካከል ከደነዘዘዎትና እግርዎ ከደከመ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ለቤተሰብ

ለታማሚዋ ወይም ለታማሚው ትልቁ ሸክም እፍረት ነው። አትቆጡ፣ አትቀልዱ። ከባድ ሸክም ተካፈሉ፤ በተለይ አራስን ከውኃና ከእንጨት ሸክም አሳርፉ። ሳልና የሆድ ድርቀት እንዲታከም አግዙ። ወደ ጤና ተቋም ስትሄዱም ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ በአቅራቢያችሁ ባለው ጤና ጣቢያ «ሽንት ያመልጠኛል፤ ፊዚዮቴራፒ ወዳለበት ይላኩኝ» ማለት ለመጀመር ይበቃል።