ጭራ የሌለው አውሮፕላን ከንድፍ ሲሠራ

በሬዲዮ የሚበር ሞዴል አውሮፕላን በገዛ እጁ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ዴልታ ክንፍ ጥሩ መነሻ ነው። ክንፉ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሹል ጫፉ ወደ ፊት፣ ሰፊው ጠርዙ ወደ ኋላ ይሆናል። አግድም ጭራ ስለሌለው የሚቆረጠውና የሚጣበቀው ነገር ጥቂት ነው። የጭራው ሥራ ግን አብሮ አይቀርም፤ በክንፉና በክብደቱ አቀማመጥ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ዴልታ አሠራሩ ቢቀልም በሚዛን ጉዳይ ምሕረት አያውቅም።

ይህን ክንፍ ወደ በረራ ካመጡት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ጀርመናዊው አሌክሳንደር ሊፒሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሞተር የተገጠመለት ዴልታ አብርሯል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ከምርምሩ ተምረው ኮንቬር ኤክስኤፍ-92ኤ የተባለውን ጄት በ1948 አበረሩ። የእንግሊዙ ቦምብ ጣይ ቩልካን በ1952፣ መንገደኛ አመላላሹ ኮንኮርድ በ1969 ተከተሉ። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ያበረረው ሚግ-21ም ክንፉ ዴልታ ነው፤ ልዩነቱ አግድም ጭራ ያለው መሆኑ ነው።

የሞዴል ንድፍ በአብዛኛው በትክክለኛው መጠን የተሳለ ወረቀት ነው። ሲታተም መጠኑ እንዳይዛባ በንድፉ ላይ ያለውን የልኬት መስመር በማስመሪያ ማረጋገጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚሳለው ግማሽ ክንፍ ብቻ ስለሆነ ሌላኛው ጎን ወረቀቱ ተገልብጦ ይወጣል። ክንፉ ከባልሳ እንጨት ወይም ከፎም ሊሠራ ይችላል፤ ፎም ርካሽ ነው፤ ቢሰበርም በሙጫ ይጠገናል። በስለታም ምላጭ ይቆረጣል፣ የፊት ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል፣ እንዳይጎብጥም ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ቀጭን የካርቦን ዘንግ ይቀበርበታል።

በኋላ ጠርዝ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች አሉ፤ ኤለቨን ይባላሉ። እያንዳንዱን የሚያንቀሳቅሰው ሰርቮ የሚባል አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ አንቀሳቃሽ ነው። ሁለቱ አብረው ሲነሱ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል፤ የቀኙ ተነስቶ የግራው ሲወርድ አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ሁለቱን ትእዛዞች የሚያዋህደው የሬዲዮው ሚክሲንግ ነው። ከበረራ በፊት ፕሮፔለሩን አውልቆ መሞከር ግዴታ ነው፦ መቆጣጠሪያው ወደ ራስ ሲሳብ ሁለቱም ይነሳሉ፣ ወደ ቀኝ ሲገፋ የቀኙ ይነሳል። ይህ ከተገለበጠ አውሮፕላኑ ከእጅ እንደወጣ መሬት ይመታል። ጭራ ስለሌለም ሁለቱ ኤለቨኖች በዕረፍት ጊዜያቸው ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ወደ ላይ ቀና ብለው ይስተካከላሉ፤ አፍንጫውን ወደ ታች ከመውደቅ የሚጠብቀው ይህ ነው።

ዋናው ቁም ነገር የስበት ማዕከሉ ነው። ጫፉ ሹል ለሆነ ዴልታ ስሌቱ ቀላል ነው። ክንፉ በመሃል መስመሩ ከአፍንጫ እስከ ኋላ 60 ሳንቲሜትር ቢረዝም ከፊት ወደ ኋላ የሚለካው አማካይ ኤሮዳይናሚክ ስፋቱ የዚያ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 40 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ መነሻውም ከአፍንጫው 20 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ነው። የስበት ማዕከሉ ከዚህ አማካይ ስፋት ከ15 እስከ 20 በመቶ ላይ ሲውል ጥሩ ነው፤ ይህም ከአፍንጫው 26 እስከ 28 ሳንቲሜትር ይሆናል። ወደ 30 ከተጠጋ አውሮፕላኑ አፍንጫውን እያነሳና እየጣለ አልታዘዝ ይላል። ሞተሩ ከኋላ ሲሆን ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያደላ ባትሪው ወደ አፍንጫው ይገፋል። አውሮፕላኑ በሁለት ጣት ከሥር ተይዞ በስበት ማዕከሉ ምልክት ላይ ሳያጋድል መቆም አለበት። ካልቆመ ባትሪውን ማንቀሳቀስ ይሻላል፤ እርሳስ መጨመር የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

ክብደት በተለይ ለደጋ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ያው ሞዴል ለመንሳፈፍ ከአሥር በመቶ በላይ ተጨማሪ ፍጥነት ያስፈልገዋል። በአግባቡ ያልተቆጠበ ሙጫ ሁሉ እዚህ ዋጋ ያስከፍላል።

ሲያርፍ ዴልታ የራሱ ጠባይ አለው። አፍንጫው ከፍ ሲል በፊት ጠርዙ ላይ የሚሽከረከረው አየር ክንፉን ይደግፈዋል፤ እንደ ሌሎቹ ድንገት አይከዳም። ነገር ግን የአየሩ ተቃውሞ ስለሚበረታ በፍጥነት ይሰምጣል፤ ሞተሩ እስከ መጨረሻው ትንሽ ኃይል ይዞ መውረድ አለበት። ሜዳው ከሰውና ከኤሌክትሪክ ሽቦ የራቀ፣ የአካባቢው ሕግ የሚፈቅደው ይሁን፤ የሊቲየም ባትሪም ያለ ጠባቂ ቻርጅ አይደረግ።

የስበት ማዕከሉን ስሌት ለማመን ሞተር አያስፈልግም። በመሃል መስመሩ 15፣ ከጎን እስከ ጎን 20 ሳንቲሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ከቀጭን ካርቶን ይቆረጥ፤ የኋላ ጠርዙ በጥቂቱ ወደ ላይ ይታጠፍ፤ አፍንጫው ላይ የወረቀት ማያያዣ ይጨመርና ሚዛኑ ከጫፉ 6.5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ላይ ይዋል። በእርጋታ ሲለቀቅ ይንሳፈፋል፤ ማያያዣው ሲወልቅ ይገለበጣል። ይህን በእጁ ያየ ሰው ንድፉ ላይ ያለችውን ትንሽ የሚዛን ምልክት ከእንግዲህ አያልፋትም።