መጀመሪያ የመታው አለቃ

ዛንግ ሩይሚን እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ በቻይና ቺንግዳዎ ከተማ ያለውን የማቀዝቀዣ ፋብሪካ ሲረከቡ፣ በዚያ ዓመት የተሾሙ አራተኛው ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ፋብሪካው 1.47 ሚሊዮን ዩዋን ዕዳ ነበረበት፤ ሠራተኛው ሲያሻው ገብቶ ሲያሻው ይወጣል። ካወጧቸው 13 ደንቦች አንዱ በሥራ ቦታ መጸዳዳትን የሚከለክል ነበር። ነገሩ ምን ያህል እንደተበላሸ ከዚህ መገመት ይቻላል።

በ1985 አንድ ደንበኛ የገዛው ማቀዝቀዣ እንከን እንዳለበት ጽፎ አቤት አለ። ዛንግ መጋዘን ያለውን ከ400 በላይ ማቀዝቀዣ አስፈተሹ፤ 76ቱ ጉድለት ተገኘባቸው። ለሠራተኛው በርካሽ ይሸጥ የሚል ሐሳብ መጣ። ያኔ የአንዱ ዋጋ 800 ዩዋን አካባቢ፣ የአንድ ሠራተኛ የሁለት ዓመት ደመወዝ ያህል ነው። እሳቸው ግን እምቢ አሉ። የሠሩት ሰዎች በገዛ እጃቸው እንዲሰባብሯቸው አዘዙ፤ መዶሻውን ቀድመው ያሳረፉት ራሳቸው ናቸው። ብዙዎች እያለቀሱ ሰባበሩ።

ቁጡ አለቃ በቻይና ብርቅ አይደለም። እዚህ ሠራተኛውን ያሳመነው ኪሳራውን ፋብሪካው ራሱ መዋጡ፣ ክንዱንም አስቀድሞ ያነሳው የበላዩ መሆኑ ይመስለኛል። መሪ ከትእዛዙ ይልቅ በምግባሩ እንደሚመራ ኮንፊሽየስ ካስተማረ ዘመናት አልፈዋል፤ የቻይና ሠራተኛም አለቃውን የሚመዝነው በዚሁ ነው።

መዶሻው ዛሬ ሙዚየም ገብቷል። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ኋላ የመጣው ነው። በኋላ ሃየር የተባለውን ይህንኑ ኩባንያ ዛንግ ከ2005 ጀምሮ ራሳቸውን ወደቻሉ ትናንሽ ቡድኖች ከፋፈሉት፤ በሂደት ከ10 ሺህ በላይ የመካከለኛ አለቆች ቦታ ቀረ። ቡድኑ ገበያውን ራሱ ይፈልጋል፣ ከትርፉም ይካፈላል። የበላይ ሳይናገር የበታች አፉን በማይከፍትበት የሥራ ባህል ውስጥ ይህ ማቀዝቀዣ ከመስበር ይከብዳል። በ2016 ሃየር የጄኔራል ኤሌክትሪክን የቤት ዕቃ ክፍል በ5.4 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛም ይኸው አሠራር ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

አለቃና ሠራተኛ አብሮ የመልፋቱ ባህል ግን ሠራተኛውን ለመጫንም ሊውል ይችላል። የቴሌኮም ኩባንያውን ሁዋዌን በ1987 በ21 ሺህ ዩዋን የመሠረቱት ሬን ዠንግፌ ድርሻቸው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ የቀረው በሠራተኞች ስም ነው። መሐንዲሶቹ ቢሮ ፍራሽ አንጥፈው ያደሩትም የእኔ ነው ብለው ነው። ድርሻ የሌለውን ሰው እንዲሁ አምሽ ማለት ሌላ ጉዳይ ነው። የኢንተርኔት ንግድ ኩባንያው የአሊባባ መሥራች ጃክ ማ በ2019 ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን መሥራትን እንደ በረከት ሲያወድሱ፣ ወጣቶቹ በኢንተርኔት ተቆጡ። ከዓመታት በፊት ቢሆን ዝም ይሉ ነበር።

በነሐሴ 2021 የቻይና ከፍተኛው ሕዝባዊ ፍርድ ቤት ይህ የሥራ ሰዓት ሕገወጥ መሆኑን አስታወቀ። በማሳያነት ካወጣቸው ጉዳዮች በአንዱ፣ አንድ የዕቃ ማድረስ ኩባንያ በዚህ ሰዓት አልሠራም ያለውን ሠራተኛ በሙከራ ጊዜው አባሮት ነበር፤ 8 ሺህ ዩዋን ካሳ እንዲከፍለው ተወስኖበታል።