የሚያንጠባጥብ የቤንዚን ሳልባትዮ፤ ባዶው ከሙሉው ስለ ምን ይብሳል?

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ከአጎቴ ቤት ሳለሁ ሌሊት ሌሊት የቤንዚን ሽታ ይሸተን ጀመር። መኪናቸው የምታድረው ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ነው፤ በማድ ቤቱም ጧት ጧት ከሰል ይቀጣጠላል። አጎቴ «ያረጀች መኪና መቼም ሳትሸት አትቀርም» ብለው ነገሩን አቃለሉት። አንድ ጎረቤታችን ግን «ሳልባትዮውን አውርደን፥ ቤንዚኑን አፍስሰን፥ ባዶውን ለበያጅ ብንሰጠው በግማሽ ሰዓት ያልቃል» አሉ። ምክሩ በቅን ልቡና የተሰጠ ነበር። ነገር ግን ሰው የሚገድል ምክር መሆኑን ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ባሰላሁ ጊዜ ተረዳሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ስሌት፥ ቀጥሎም የፍሳሹን ምንጭ እንዴት እንዳገኘነው፥ ለጓደኞቼ ማስረዳት ነው።

ቤንዚን ሲነድ የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ከፈሳሹ የሚነሣው ተን ነው። ተኑም ቢሆን ከአየር ጋር በልክ ካልተደባለቀ አይቀጣጠልም። ልኩ ከድብልቁ ከመቶ 1.4 ያህል ጀምሮ እስከ 7.6 ያህል ነው፤ ከዚያ በታች የሚነደው ነገር ያንሳል፥ ከዚያ በላይ ደግሞ አየሩ ያንሳል። 1 ሊትር ቤንዚን ፈጽሞ ሲተን ወደ 200 ሊትር የሚጠጋ ተን ይሰጣል። እንግዲህ 45 ሊትር የሚይዝ «ባዶ» ሳልባትዮ እንውሰድ። የዚህ ከመቶ 1.4 ማለት 0.63 ሊትር ተን ነው፤ ይኸውም 3 ሚሊ ሊትር ብቻ ከሆነ ፈሳሽ ይገኛል። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ስለዚህ ማንኪያ የማይሞላ ቤንዚን በመጋጠሚያውና በዝገቱ ውስጥ ከቀረ፥ ያ ባዶ የተባለው ዕቃ ለመፈንዳት ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

የሞላ ሳልባትዮ ግን ከቤንዚኑ በላይ ያለው ጥቂት ቦታ በተን የታጨቀ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከልኩ ያልፋል። ይህን ስል ከሙሉው አጠገብ ክብሪት ይጫር ማለቴ አይደለም፤ ተኑ ወጥቶ ከውጭ አየር ጋር የተገናኘበት ስፍራ ሁሉ ልኩን ያገኛልና። ነገሩ በመኪና ብቻ የሚወሰንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ከኒው ዮርክ የተነሣው የቲ.ደብልዩ.ኤ. 800ኛ በረራ አውሮፕላን በአየር ላይ ፈንድቶ 230 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፥ መርማሪው ቦርድ በ2000 የሰጠው ፍርድ የመካከለኛው ነዳጅ መያዣ የተንና የአየር ድብልቅ ተቀጣጥሎ ፈነዳ የሚል ነበር። በዚያ መያዣ ውስጥ የነበረው ከይዘቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነዳጅ ነው።

የማድ ቤቱም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ሦስትና አራት ጊዜ ይከብዳል፤ ስለዚህ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፥ እንደ ውኃ መሬት ለመሬት ይሄዳል። አንድ የቡና ሲኒ ቤንዚን ነፋስ በሌለበት ስፍራ ቢተን 1 ሜትር ኩብ ያህል አየር ለመቀጣጠል ያበቃል። በበሩ ሥር ሾልኮ ከከሰሉ ምድጃ ዘንድ መድረስ አይከብደውም። እኔም ይህን ካወቅሁ በኋላ በመጀመሪያ ያደረግሁት መኪናዋን ሰዎች ሰብስቤ፥ ሞተሯን ሳላስነሣ፥ ወደ ግቢው በር ማስገፋት ነበር።

ምንጩን መፈለግ ከመጠገኑ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብዙ ሰው «ሳልባትዮው ተበሳ» የሚለው ሳልባትዮው ምንም ሳይሆን ነው። የሚያንጠባጥበው መቼ እንደ ሆነ ማየት ይገባል። ሞልተው በመጡ ዕለት ብቻ የሚፈስ ከሆነ የሚጠረጠረው ከላይ ያለው ነው፤ ይኸውም የመሙያው አንገት፥ ጎማው ቱቦ፥ ወይም የቤንዚኑን መጠን የሚያመለክተው መሣሪያ ጎሚኒ። ሞተር ሲነሣ ብቻ የሚፈስ እንደ ሆነ ጥፋቱ ፓምፑ በኀይል በሚገፋበት መስመር ላይ ነው። ሁልጊዜ የሚፈሰው፥ ቤንዚኑ ሲቀንስም የማያቆመው፥ እርሱ የታችኛው ወለል ነው። የእኛዋ ሁልጊዜ ታንጠባጥብ ነበር።

ጠብታው የሚወድቅበት ቦታ የተበሳው ቦታ ላይሆን ይችላል። እኔ ራሴ በዚህ ተሞኝቻለሁ። ነጭ ካርቶን ከሥሯ አንጥፌ ባሳድር እድፉ ከቀኝ ጎማ አጠገብ ተገኘ፤ በዚያ በኩል ስፈልግ ግማሽ ቀን አጠፋሁ። በኋላ የሳልባትዮውን ሆድ በጨርቅ አድርቄ የጠመኔ ዱቄት ነሰነስሁበት። የረጠበው መስመር ከግራ፥ ሳልባትዮውን አቅፎ ከሚይዘው ቀበቶ ብረት ሥር ተነሥቶ በመጋጠሚያው በኩል ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይህም የሚያስገርም አይደለም፤ በቀበቶውና በቆርቆሮው መካከል የክረምት ጭቃ ተቀብሮ ይቀራል፥ ጭቃውም እርጥበት ያዝላል። ከውስጥ በኩል ደግሞ ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ወርዶ ያዝገዋል።

ይህን ስሠራ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሽቦ አስቀድሜ ፈትቻለሁ፥ የእጅ ባትሪዬንም ከሩቅ አብርቼ ነው የቀረብሁት። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አላቆምኋትም፥ ጠንካራ ድጋፍ አድርጌባታለሁ። ቤንዚኑን የቀዳሁት በእጅ ፓምፕ ነው። ሾፌሮቻችን በቱቦ በአፍ የሚስቡት ልማድ እጅግ ክፉ ነው፤ ጥቂቱ ወደ ሳንባ ከገባ በብርቱ ያቆስላል።

ስለ ጥገናው አጭር ነገር ልበል። ደረቅ ሳሙና ቀዳዳው ላይ ማሸት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ሳሙና በውኃ እንጂ በቤንዚን ስለማይሟሟ ይይዛል፥ ነገር ግን ዝናብና የመንገድ ውኃ አጥቦ ይወስደዋል። ቤንዚን የሚቋቋም ኤፖክሲ ይሻላል፤ ቤንዚኑ ከቀዳዳው በታች እስኪወርድ ተቀድቶ፥ ቆርቆሮው በብርጭቆ ወረቀት በእጅ ተፍቆ፥ ፈጽሞ ደርቆ ይለጠፋል። በኤሌክትሪክ መፋቂያ አይፋቅም፥ ብልጭታ አለውና። የፕላስቲክ ሳልባትዮ ከሆነ ማጣበቂያው አይይዝም፤ መለወጥ ነው። ብየዳ ግን የቤት ሥራ አይደለም። በውኃ ማለቅለቅ አይበቃም፥ ቤንዚን በውኃ አይሟሟም፤ ከዝገቱ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ እሳት ሲነካው ይወጣል። የሚያውቁት ሠራተኞች በእንፋሎት አጥበው፥ በማይነድ ጋዝ ሞልተው፥ በመሣሪያ መርምረው ነው የሚበይዱት።

እኛም ኤፖክሲ ለጠፍን፥ ጠብታውም ቆመ። ይሁን እንጂ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ቆርቆሮ በእንጨት ስጫነው እንደ ወረቀት ስለ ሳሳ፥ አጎቴ በሳምንቱ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ደህና ሳልባትዮ ገዙ። አሮጌውን ሲያወርዱት ጎረቤታችን መጥተው ነበር። ስሌቱን በወረቀቱ ላይ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱትና «እንግዲያማ እኔ አራት ጊዜ አስበይጃለሁ» አሉ።