ወደ መንዝ ለሚሄድ እንግዳ

ቱርኮች ሳይጠራ ከደጃቸው ለሚደርስ መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ» የሚል ስም አላቸው። ይህን ያነበብን ጊዜ ትዝ ያለን መንዝ ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የመሸበት ሰው ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራና የእግዜር እንግዳ መሆኑን ይናገራል፤ ከውስጥም «ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» ይባላል። ቱርኩ ቤት የሚገባ ሰው ጫማውን ከደጅ ያወልቃል፤ በመንዝ ግን ጫማ የሚወልቀው እግር ለመታጠብ ነው።

እንግዲህ ጓሳን፣ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ለማየት በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ብርዱን ይወቅ። ጓሳ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። ሌሊቱን የሚያሳልፈው ሴቶች ከበግ ጠጉር ፈትለው፣ ወንዶች የሸመኑት ባና ነው። ገብሱም በሶ፣ ቆሎ፣ ቂጣና ጠላ ሆኖ ይቀርባል፤ ስለ አረቄው የምንመክረው ቀስ ማለትን ብቻ ነው። ረቡዕና ዓርብ ወተት መጠየቅ አይገባም።

እኛ አንድ ቀን ከአንድ ሽማግሌ ቤት ገባን። ባለቤታቸው ጠላውን በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ከቀመሱ በኋላ ቀዱልን። በሁለተኛው ዙር ዋንጫችንን በእጃችን ብንከድን ቤቱ ጸጥ አለ። ሽማግሌውም፣
«ልጆቼ፣ ጠላው ምን ሆነ?» አሉን።
«ኧረ አባባ፣ ጠግበን ነው» ብለን ጠጣን።

ማታ ከጎረቤት እንደሰማነው፣ የዚያ ዓመት መኸር ደካማ ስለ ነበረ ጠላው የተጠመቀው ለዘር ከተቀመጠው ገብስ ተቀንሶ ነው። በማግስቱ ስንሰናበት አፍረን ገንዘብ ብናወጣ፣ «ጠላ ቤት የከፈትሁ መሰላችሁ ወይ?» ብለው እጃችንን መለሱት። ስለዚህ ቡናና ስኳር ይዞ ሄዶ፣ ገና እንደ ገቡ ለእመቤቲቱ መስጠት ይሻላል፤ ያን ጊዜ ስጦታ እንጂ ክፍያ አይሆንም። በጓሳ በሚገኘው የማኅበረሰቡ ማረፊያ ግን ዋጋው የታወቀ ነው፤ ይከፈላል።

የጓሳ ሣር የቤት ክዳን፣ ገመድና የዝናብ ገሳ ስለሚሆን፣ ለብዙ ዘመን በቄሮ ሥርዓት ተጠብቆ ኖሯል። ቄሮው መስኩን ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ነዋሪው ግን ኋላ በኮሚቴ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። እንግዳም ሣሩን ከመንቀልና እሳት ከማንደድ ይጠንቀቅ።

በጣርማ በር መንገድ ዳር የበግ ጠጉር ቆብ ይዘው ከሚሯሯጡት ልጆች ግን ዋጋ ተከራክሮ መግዛት ነውር የለበትም። እኛም ሁለት ገዝተናል፤ አንዱ ጠቦናል።