የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያው ሲበላሽ እንቁላሉና ወተቱ እንዳይበላሽ
(ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ አካባቢ አርቢዎችና ለመሣሪያ ሠራተኞች)

የእንቁላል መፈልፈያና የወተት ማቀዝቀዣ ጋን ዛሬ በአብዛኛው የሚታዘዙት በትንሽ የኤሌክትሮኒክ ቦርድ ነው። በቦርዱ ላይ ያለችው ጥቁር ቺፕ ከጥፍር ባትበልጥም በውስጧ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ማብሪያና ማጥፊያዎች ይዛለች። በደንብ ከተያዘች ቺፗ ለብዙ ዓመት ትሠራለች። ቀድሞ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በዙሪያዋ ያለው ነው፤ ይኸውም ካፓሲተሩ፣ ሪሌው፣ የተበየደው መጋጠሚያና ሽቦው ነው። ስለዚህ ጥሩ መሣሪያ ማለት የማይበላሽ ማለት ሳይሆን፣ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የታሰበበት ነው።

ሦስቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ሱሉልታማ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሙቀትን ከመሣሪያ ላይ የመውሰድ ኃይሉ ይቀንሳል። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ደግሞ ሙሉ ጉልበታቸውን እንዲሰጡ የተሠሩት እስከ 1,000 ወይም እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። «ሱሉልታ ብርድ ነው፣ ዕቃ አይግልም» የሚባለው እንግዲህ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር ባለሙያዎች በልምድ ያውቃሉ። በመሆኑም ሳጥኑ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይሰቀል፤ የአየር መግቢያው በገለባና በአቧራ አይደፈን።

ከሙቀት ይልቅ ብዙ ቦርድ የሚያጠፋው ግን ጤዛ ነው። የዶሮ እንቁላል መፈልፈያ ውስጡ ወደ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ እርጥበቱም በመጀመሪያዎቹ 18 ቀናት ከ50 እስከ 60 በመቶ ይደርሳል። እንዲህ ያለ አየር 27 ዲግሪና ከዚያ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ወዲያው ውሃ ይሆናል። በክረምት ሌሊት የመፈልፈያው ክፍል ከዚህ እጅግ በታች ይቀዘቅዛል። ሽቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ ካልተደፈነ፣ ሞቃቱ አየር በቀዳዳው ሾልኮ ቀዝቃዛው ቦርድ ላይ ጤዛ ይጥላል። በዚያ ላይ ከዶሮ ኩስ የሚወጣው አሞኒያ ሲጨመር መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቦርዱ ከመፈልፈያው ውጭ ይቀመጥ፤ ወደ ውስጥ የሚገባው የሙቀት መለኪያው ጫፍ ብቻ ይሁን። ቀዳዳው በሲሊኮን ይደፈን፤ ሽቦውም ሳጥኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይምጣ፤ ያኔ ውሃው ጎንበስ ካለበት ይንጠባጠባል። ቦርዱን ለዚሁ በተሠራ ቫርኒሽ መቀባትም ይጠቅማል፤ የሶኬቶቹና የሪሌዎቹ መገናኛ ግን መቀባት የለበትም።

ስለ መብራት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዕቃ የሚጎዳው ሲጠፋ ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ ሲመጣ ከፍና ዝቅ በሚለው ኃይል ነው። የማቀዝቀዣው ሞተር መብራት እንደመጣ ወዲያው እንዳይነሳ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ መሣሪያ ይግባለት፤ የመሬት ሽቦውም ይፈተሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በብዙ መቆጣጠሪያዎች ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን የመከላከል ኃይሉ የሚጨምር ዓይነት ነው። አይጥ ሽቦውን ብትቆርጠው ቦርዱ «እጅግ ቀዝቅዟል» ብሎ ያነባል። በመፈልፈያው ውስጥ ይህ ማለት ማሞቂያው ሳያቋርጥ ይነዳል፤ ሽሉም ይሞታል። በወተት ጋኑ ደግሞ «ቀዝቅዟል» ስለሚል ሞተሩ ቆሞ ይቀራል፤ እስከ 4 ዲግሪ መውረድ የነበረበት ወተት ጠዋት ኮምጥጦ ይገኛል። አንዱ ብልሽት ሁለቱን በተለያየ መንገድ ይጎዳል።

ስለዚህ ጉዳቱ የሚያንሰው በየት በኩል ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። እንቁላል ለጥቂት ሰዓት መቀዝቀዝን ከመጠን በላይ ከመሞቅ ይልቅ ይችላል። ስለሆነም ከቦርዱ ፈጽሞ የተለየ፣ በ38.5 ዲግሪ ገደማ የሚያጠፋ ተራ የብረት ቴርሞስታት በማሞቂያው መስመር ላይ በተከታታይ ይግባ። የቦርዱ ሪሌ ተጣብቆ ቢቀር እንኳ ይህ ያቋርጠዋል። ለወተቱ ግን ሞተሩን ማቆምም ሆነ ሳያቋርጡ ማስነሳት አይበጅም፤ አንዱ ያኮመጥጠዋል፣ ሌላው ያረጋዋል። መለኪያው ሲበላሽ ሞተሩ በሰዓት እየተነሳ እየቆመ እንዲሠራና ደወል እንዲጮኽ ማድረግ ይሻላል። ሁለቱም ቦርዶች ሊታመን የማይችል ቁጥር ሲያነቡ «ብርድ ነው» ከማለት «ተበላሽቻለሁ» እንዲሉ ሆነው ይሠሩ።

ይህ አስተሳሰብ ለመፈልፈያ ብቻ የወጣ አይደለም። በሱሉልታና በአዲስ አበባ መካከል ካለው የእንጦጦ ተራራ ትታዘዝ የነበረችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጠቅ ከታሰቡላት ሥራዎች አንዱ የእርሻን ሁኔታ ከላይ መመልከት ነበር። እንዲህ ያሉ ሳተላይቶች መሬትን በቀን 15 ጊዜ ገደማ እየዞሩ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ ይገባሉ፤ ከጠፈር የሚመጣ ጨረርም በቺፕ ውስጥ የተጻፈውን አሃዝ ሊገለብጥ ይችላል። ጠጋኝ ሄዶ ስለማይደርስ በዚህ ሥራ «ጠባቂ ሰዓት» የሚባል ዘዴ የተለመደ ነው። ኮምፒዩተሩ በየጊዜው «ደህና ነኝ» የሚል ምልክት ካልሰጠው ጠባቂው አጥፍቶ እንደገና ያስነሳዋል። ለአርቢው ከጠፈር ጨረር ይልቅ አንዲት የውሃ ጠብታ ትከፋለች፤ ጠባቂው ሰዓት ግን በርካሽ ቺፖች ውስጥ እንኳ አለ። ቦርድ የሚሠራልዎት ባለሙያ ሥራ ላይ አውሎት እንደሆነ ይጠይቁት።

እንቁላል ከመግባቱ በፊት በእያንዳንዱ ዙር የሚከተለው ይሞከር። መፈልፈያው ሞቆ ሳለ የመለኪያው ሽቦ ይነቀልና ማሞቂያው መጥፋቱና ደወሉ መጮኹ ይታይ። ካልጠፋ፣ እስኪስተካከል ድረስ እንቁላል አይግባ።