ጌጡን ብቻ ሳይሆን ታሪኩንም አውርሱ

እናት ለልጇ ከምታወርሰው ሀብት አንዱ ከሣጥን ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ጌጥ ነው። የብር መስቀሉ፣ ድሪው፣ አልቦውና ወለባው ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ይኖራል። ጌጡ ሲተላለፍ ግን ታሪኩ ብዙውን ጊዜ በመንገድ ይቀራል። እስቲ ውድ አንባቢያችን፣ ሣጥንዎን ከፍተው አንዱን ዕቃ ያንሡና «ይህ የማን ነበር? እንዴትስ ከቤታችን ገባ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልስ የሚያገኙለት ስንቱ ይሆን?

«የፖርቱጋል ነው» የሚባለው ዕቃ

በአገራችን ያረጀና አሠራሩ ለየት ያለ ነገር ሲገኝ «የፖርቱጋል ነው» ወይም «የግራኝ ዘመን ነው» ማለት የቆየ ልማድ ነው። በሶዶ የሚገኙት የጢያ ትክል ድንጋዮች እንኳ የግራኝ ሥራ ሲባሉ ኖረዋል፤ ተመራማሪዎች ግን ድንጋዮቹ ከግራኝ ዘመን የቀደሙ መሆናቸውን ያስረዳሉ።

ይሁንና አባባሉ ከባዶ የመጣ አይደለም። በተለይ ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ1490 ዓ.ም. በባሕር ተጉዞ ህንድ የደረሰው ዝነኛው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ፣ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የሚባል ልጅ ነበረው። ይህ ወጣት በ1533 ዓ.ም. 400 ያህል ወታደሮች አስከትሎ ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጣ። የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ከደብረ ዳሞ ወርደው ተቀበሉት፤ ከሠራዊቱም ጋር አብረው ተጓዙ። በ1534 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ላይ ከሰቆጣ በስተምሥራቅ፣ በኮረምና በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ፣ ወፍላ በተባለው ቦታ በተደረገው ጦርነት ክሪስቶቫኦ ድል ሆነ። ተማርኮም በኢማም አሕመድ እጅ ተገደለ። በሕይወት የተረፉት ጓደኞቹ ከእቴጌይቱ ጋር ቆይተው ከዐፄ ገላውዴዎስ ሠራዊት ጋር ተቀላቀሉ፤ በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋው ጦርነትም ተካፈሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያት አግብተው እዚሁ ቀሩ።

የዳ ጋማ ቤተሰብ ልጁን አልረሳውም። ከ80 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የህንድ እንደራሴ የነበረው የቫስኮ ዳ ጋማ ዘር የዘመዱ አጽም እንዲፈለግለት ጠየቀ፤ ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለው ቄስም ወደ ቦታው ሄዶ አጽሙን አንሥቶ ላከለት።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። የአባትየው ስም፣ የልጁ ስም፣ የሞተበት ቦታ ሁሉ ተጽፏል። እነዚያን ወታደሮች አግብተው ልጆች ያሳደጉት የአገራችን ሴቶች ስም ግን የተጻፈው በጣም ጥቂት ነው። በዋግም ቢሆን የዋግ ሹሞችን የዘር ሐረግ ከዛጉዌ ነገሥታት አንሥቶ የሚቆጥር ሽማግሌ ሲከበር ኖሯል፤ የአያቱን ድሪ ታሪክ አስታውሶ የሚናገር ግን ብዙ አይገኝም። የሴቶች የዘር ሐረግ ያለው ከሣጥን ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጠገራ ብር ምን ይነግረናል?

ታሪክ መጠበቅ ማለት ታሪክ መፍጠር አይደለም። ለምሳሌ ያህል ከጠገራ ብር የተሠራ ድሪ «ከፖርቱጋሎች የመጣ ነው» ቢባል እውነት ሊሆን አይችልም። የማሪያ ቴሬዛ ብር መመታት የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1741 ሲሆን፣ ይኸውም ክሪስቶቫኦ ከሞተ 200 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በላዩ የሚታየው 1780 የሚለው ቁጥርም ዕድሜውን አያረጋግጥም፤ ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከዚያ ዓመት ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው።

ይህ ግን የጌጡን ክብር አይቀንሰውም። ምናልባት እውነተኛው ታሪክ ማር ሸጣ፣ ፍየል ነድታ፣ ጠገራውን አንድ ባንድ ያጠራቀመች የአንዲት ሴት ታሪክ ሊሆን ይችላል። ለልጅ ልጇ ከመርከበኛው ዝና ይልቅ የሚያኮራው ይህ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

ችግር ሲመጣ ቀድሞ ከቤት የሚወጣው የእናት ጌጥ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ኮረም የተራቡ ሰዎች መጠለያ ሆና ነበር። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነትም ከዋግ ኽምራ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጇን ለማብላት ድሪዋን የሸጠች እናት አትወቀስም። ነገር ግን ጌጡ ከአንጥረኛ ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚታየው ክብደቱ ብቻ ነው፤ ከቀለጠ በኋላ የማን እንደነበረ የሚናገር የለም። ታሪኩ ቀድሞ ተጽፎ ከሆነ ግን ጌጡ ቢሄድ እንኳ ታሪኩ ለልጅ ይተርፋል።

አንድ ፎቶግራፍ ምን ያህል እንደሚጠቅም የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ምስክር ነው። ይህን ዘውድ አቶ ሲራክ አስፋው የተባሉ ኢትዮጵያዊ በ1990 ዓ.ም. በኔዘርላንድ አግኝተው ለዓመታት ደብቀው ጠብቀውታል። ካህን ደፍተውት ቀደም ሲል የተነሣ ፎቶግራፍ መኖሩ የማን እንደሆነ ለማወቅ ረድቷል። ዘውዱ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ አያት በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይጠይቁ። የባለቤቶቹን ስም፣ መንደሩን፣ ጌጡ የተሰጠበትን ሠርግ ወይም ክርስትና በደብተር ይጻፉ። አያት ኽምጣና የሚናገሩ ከሆነ በራሳቸው ቋንቋ በስልክ ይቅዱላቸው፤ ከተማ ያደጉት ልጆች ዛሬ ባይሰሙት ነገ ይፈልጉታል። «ያየሁት» እና «ሲባል የሰማሁት» የሚሉትን ለይተው ይጻፉ። ጌጡን ከፊትም ከኋላም ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ጽሑፍ ወይም የሠሪ ምልክት ካለውም ፍቀው አያጥፉት። ዕቃው የቆየና የተለየ ከመሰልዎት በአካባቢዎ ለሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳዩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊቆይ እንደሚችል፣ ነገር ግን መመዝገብ እንዳለበት ደንግጓል። መመዝገብ መነጠቅ አይደለም።

ጌጡን ለልጅዎ የሚሰጡበት ቀን ሲደርስ ደብተሩንም አብረው ይስጧት።